ስለ ወንዛዬ ፍል ውኃና ስለ ውሻ ዋና

ከባሕር ወለል በላይ ከ4,000 ሜትር በሚበልጠው በጉና ተራራ ተነሥቶ፣ ከደብረ ታቦር በስተ ደቡብ ባሉት ሸለቆዎች እየተጣጠፈ ወደ ምዕራብ የሚወርደውና የፎገራን ሜዳ አጠጥቶ ጣና ባሕር የሚገባው የጉማራ ወንዝ፣ ደራ ምድር ገብቶ ወንዛዬ ከተባለው ስፍራ ሲደርስ፣ በዳርቻው ከከርሠ ምድር ትኩስ ሆኖ ከሚፈልቅ ውኃ ጋር ይገናኛል። ይህ ፍል ውኃ በጎንደር ዘመን ዜና መዋዕሎች ውስጥ ወንዛጌ እየተባለ የሚነሣ፣ ነገሥታቱና መኳንንቱ ለፈውስና ለዕረፍት ይወርዱበት የነበረ፣ ከእነርሱም በፊት ሆነ ከእነርሱ በኋላ የአገሬው ገበሬ ቁርጥማቱንና የቆዳ ሕመሙን ይዞ የሚመጣበት ጥንታዊ መታጠቢያ ነው።

የነገሥታቱን ጉዞ የጻፉ ሌሎች ስላሉ፣ በዚህ ሐተታ ልመረምር የተነሣሁት በውኃው ዳር ለሰውና ለእንስሳ፣ ከእንስሳም ይልቁን ለውሻ፣ ተሠርቶ የነበረውን ሥርዓት ነው። ነገሩ ለአንዳንድ አንባቢ ጥቂት መስሎ ይታየው ይሆናል። ነገር ግን በአዲስ አበባና በባሕር ዳር በግቢያቸው ውስጥ የመዋኛ ገንዳ ያሠሩ፣ ውሻቸውንም ከልጆቻቸው እኩል የሚወዱ ወገኖች እየበዙ በሄዱበት፣ በባዕድ አገር በሚኖሩትም ወገኖቻችን ዘንድ ይህ ተራ ነገር በሆነበት በዛሬው ዘመን፣ ውሻን በውኃ ውስጥ ያለ ጉዳት ማዋኘት እንዴት እንደሚቻል የሚጠይቅ ሰው፣ መልሱን ግማሽ በግማሽ ከአባቶቹ ልማድ ሊያገኘው ይችላልና ድካሙ ከንቱ አይሆንም ብዬ አምናለሁ።

በደጋው አገር ውኃ መቼም ቢሆን ያለ ሥርዓት ተትቶ አያውቅም። ምንጭ በሆነ እንደሆነ የሚጠጣው ከላይ ከዐይኑ ይቀዳል፣ ከብት ከበታቹ ይጠጣል፣ ልብስ ከዚያም በታች ይታጠባል። ይህን ቅደም ተከተል ያፈረሰ ሰው በሽማግሌ ፊት ይወቀሳል። ጠበል በሆነ እንደሆነ ደግሞ ሥርዓቱ ይጠብቃል፤ ተጠማቂው ጾሞ፣ ጫማውን አውልቆ፣ ንጽሕናውን ጠብቆ ይገባል፤ የታመመ በሬ ወይም ላም ያለው ገበሬም ከብቱን ወደ መጠመቂያው አያስገባም፤ ካህኑ የጸለየበትን ጠበል ወስዶ በበረቱ ይረጭለታል እንጂ። ፍል ውኃ ከጠበል ዝቅ ቢል፣ ከተራ ወንዝ ግን ከፍ ያለ ማዕርግ ስላለው፣ ከሁለቱም ሥርዓት ጥቂት ጥቂት ይካፈላል፦ ሕሙማን ቀን ቆጥረው ይሰነብቱበታል፣ ወንዱና ሴቱ በተራ ወይም በየቦታው ይለያያል፣ እንስሳት ሁሉ ከመታጠቢያው ርቀው ከወንዙ ዳር ይቆያሉ።

ከእንስሳት ሁሉ ግን የውሻን ያህል በሁለት ወገን የተፈረደበት የለም። በአንድ ወገን ውሻ ከቤተ መቅደስ የተከለከለ ፍጥረት ነው፤ ወደ ቅጽሩ እንዳይዘልቅ የደጀ ሰላሙ ዘበኛ ዱላ ይዞ ይጠብቀዋል፤ ወደ ውስጥ ቢገባም ስፍራውን እንዳረከሰ ይቆጠራል። በሌላ ወገን ግን እነዚሁ ሊቃውንት በሚያነቡት በመጽሐፈ ጦቢት ውስጥ፣ ወጣቱ ጦብያ ከመልአኩ ከቅዱስ ሩፋኤል ጋር ረጅሙን መንገድ ሲሄድ የተከተለው ውሻው ነው። ጦብያም ጤግሮስ ወንዝ ወርዶ ሲታጠብ ታላቁ ዓሣ ሊውጠው የወጣው በዚያ ጉዞ ላይ ነው። በወንጌልም የአልዓዛርን ቍስል የላሱለት ውሾች እንደሆኑ ተጽፏል። እንግዲህ ቅዱሱ መጽሐፍ ውሻን ከሰው ጋር በመንገድና በወንዝ ዳር ሲያሳየን፣ ትውፊቱ ደግሞ ከመቅደስ ደጅ ያቆመዋል። በእኔ አስተያየት ሁለቱ አይጣሉም፤ ለእያንዳንዱ ፍጥረት ቦታና ጊዜ መስጠት ነውና።

የሩፋኤልን ነገር ካነሣሁ ዘንድ፣ ጳጉሜን በገባ ቁጥር ሕዝቡ ማልዶ ወደ ወንዝ እየወረደ የሚታጠብበትን፣ በተለይም በጳጉሜን 3 ቀን የሚዘንበው ዝናም የተቀደሰ ነው ብሎ ልጆቹን ራቁታቸውን ወደ ደጅ የሚለቅበትን ልማድ ሳልጠቅስ ማለፍ አልሻም። በዚያ ቀን ልጆቹ በዝናሙ ሲጨፍሩ የቤቱ ውሻም አብሯቸው ሲዘል ያየ ሰው፣ በሌላ ቀን ከበር የሚባረረው እንስሳ በዚያች ሰዓት የሚከለክለው እንደሌለ ያስተውላል።

የደቡብ ጎንደር ውሻ ምን ዓይነት እንደሆነ ከሁሉ ይልቅ የሚያውቀው የቆሎ ተማሪ ነው። ለድጓ ወደ ቤተ ልሔም፣ ለዝማሬ መዋሥዕት ወደ ዙር አምባ፣ ከዚያም ወደ ደብረ ታቦር የሚጓዘው ደቀ መዝሙር፣ ደበሎውን ለብሶ አኩፋዳውን አንግቶ በእንተ ስማ ለማርያም እያለ ከደጅ በቆመ ጊዜ፣ ከባለቤቲቱ አስቀድሞ የሚቀበለው ውሻው ስለሆነ፣ ከመጽሐፉ ቀጥሎ የማይለየው ንብረቱ በትሩ ነበር። ብዙ መምህራን እስከ እርጅናቸው ድረስ በእግራቸው ላይ የውሻ ጥርስ ጠባሳ ይዘው ኖረዋል። ገበሬው ግን ያንን ውሻ ጨካኝ አድርጎ ያሳደገው ያለ ምክንያት አይደለም፤ በጉናና በፋርጣ ብርድ፣ ጅብ በረቱን በሚዞርበት ሌሊት፣ በጎቹን የሚጠብቅለት ሌላ ዘበኛ አልነበረውም።

ይህ የእረኛ ውሻ መዋኘትን ከማንም አልተማረም። በጋ ላይ፣ ጉማራ ሲሳሳ፣ እረኛው ከብቱን በመሻገሪያው ሲነዳ ውሻው ከኋላ ይቀራል። ዳሩ ላይ ወዲያና ወዲህ ይላል፣ ውኃውን ያሸታል፣ አንድ እግሩን አስገብቶ ያወጣል፣ ያለቃቅሳል፤ ከብቱ ማዶ ወጥቶ ሲርቅበት ግን ይገባል። በገባም ጊዜ ቀጥ ብሎ ከወራጁ ጋር አይታገልም፤ አፍንጫውንና ጆሮውን ከውኃው በላይ አድርጎ፣ በፊት እግሮቹ እየቀዘፈ፣ ወራጁ ወደ ታች እየወሰደው በሰያፍ ይሻገራል፤ ከገባበት ብዙ እርምጃ ዝቅ ብሎ፣ ዳሩ ለስላሳና አግድም በሆነበት አሸዋ ላይ እግሩ መሬት ይነካለታል። ወጥቶም ሰውነቱን አራግፎ ይሮጣል። ክረምት ሲገባና ጉማራ ሞልቶ የፎገራን ሜዳ ሲያጥለቀልቅ ግን፣ ልበኛ የተባለው ውሻ እንኳ እንዳይሻገር እረኛው አንገቱን በገመድ ይይዘዋል።

በዚህ ትዕይንት ውስጥ ሁለት ነገር እንድናስተውል እወዳለሁ። አንደኛው፣ ውሻው ወደ ውኃው በፈቃዱ ገብቷል እንጂ የወረወረው የለም፤ ሁለተኛውና ዋነኛው ደግሞ፣ ወንዙ የሚወጣበት ዳር አለው። ውሻን ከሞት የሚያድነው የዋናው ብርታት ሳይሆን የመውጫው መገኘት ነው፤ ዳር ያጣ ውሻ ምንም ብርቱ ቢሆን ይደክማል፣ ከደከመም ይሰጥማል።

ወደ ፍል ውኃው ስንመለስ፣ አባቶቻችን ውሻን ከዚያ ማራቃቸው ለንጽሕና ብለው ቢሆንም፣ ልማዱ የእንስሳውን ሕይወት ጭምር ሲጠብቅ እንደኖረ ዛሬ በሕክምና ትምህርት ልንረዳው እንችላለን። ሰው ሙቀት ሲበዛበት ከመላ ሰውነቱ ላብ ያፈልቃል፤ ውሻ ግን ላቡ ከመዳፉ ሥር በቀር የትም ስለማይወጣ፣ የሚቀዘቅዘው ምላሱን አውጥቶ በማለክለክ ነው። ጤነኛ ውሻ የሰውነቱ ሙቀት ከ38 እስከ 39 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ድረስ ስለሆነ፣ ከዚህ በሚተኩስ ውኃ ውስጥ የተዘፈቀ እንደሆነ ሙቀቱ ወደ እርሱ ይገባል እንጂ ከእርሱ አይወጣም፤ ማለክለኩም ሊረዳው አይበቃም፤ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ራሱን ይስታል። ስለዚህ ለቁርጥማተኛ ሽማግሌ ፈውስ የሆነው የወንዛዬ ሙቀት ለውሻው መርዝ ይሆናል ማለት ነው። ዛሬም በቤታቸው የሙቅ ውኃ ገንዳ ያላቸው ሰዎች፣ ውሻቸውን አብሮ ማስገባት ፍቅር መስሎ ቢታያቸው፣ ጌታውን ዘና የሚያደርገው ሙቀት እንስሳውን የሚገድል መሆኑን ማወቅ ይገባቸዋል።

ከተፈጥሮ ውኃ አልፈን በሰው እጅ ወደ ተሠራው ገንዳ ስንመጣ፣ በአገራችን ከሁሉ የከበረው በጎንደር ከቀሃ ወንዝ አጠገብ ያለውና ከ1624 እስከ 1660 ዓ.ም. በነገሡት በዐፄ ፋሲለደስ ስም የሚጠራው መዋኛ ነው። በድንጋይና በኖራ ግንብ የታጠረ፣ በመካከሉ በቅስቶች ላይ የቆመ ባለ ሁለት ደርብ ግንብ ያለው፣ የዛፍ ሥሮች ቅጥሩን እንደ ጣት ጨብጠው የያዙት ይህ ሥራ፣ በ1972 ዓ.ም. ከሌሎቹ የፋሲል ግቢ ሕንፃዎች ጋር በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በአጠገቡ ያለችውን ባለ ጉልላት ትንሽ ሕንፃ አገሬው የንጉሥ ፈረስ መቃብር ናት እያለ ሲያወሳት ኖሯል። አፈ ታሪኩ እውነት ቢሆንም ባይሆንም፣ ሕዝቡ በነገሥታት መዋኛ ዳር ለአንድ እንስሳ የክብር ቤት መስጠቱን እንዳልነወረ ያስረዳናል፤ እኔም ይህን ሳስብ ደስ ይለኛል።

ለጉዳያችን የሚጠቅመው ግን የገንዳው አሞላል ነው። ውኃው ከቀሃ ወንዝ በቦይ ተመርቶ የሚገባው ለጥምቀት በዓል ሲሆን፣ ታቦታቱ ሲወርዱ፣ ካህናቱ ሌሊቱን በማኅሌት ሲያድሩ፣ ሲነጋም ውኃው ተባርኮ ወጣቶቹ ከቅጥሩ ላይ ዘልለው ሲገቡ፣ በዙሪያው እልፍ ሕዝብ ቆሞ ያያል። በዓሉ ካለፈ በኋላ ውኃው ይለቀቅና ገንዳው ባዶውን ይከርማል። ስለዚህ በዚያ ገንዳ ውኃ የሚኖረው ጠባቂ ባለበት ጊዜ ነው፤ ጠባቂው ሲሄድ ውኃውም ይሄዳል። የዛሬው የግቢ መዋኛ ከእርሱ የሚለየው በስፋቱ ማነስ ወይም በንጣፉ ማማር ሳይሆን፣ ዓመቱን ሙሉ፣ ቀንም ሌሊትም፣ ማንም ሳያየው ሞልቶ በመኖሩ ነው። አደጋውም ሁሉ የሚነሣው ከዚህ ነው።

ይህ አዲስ ዓይነት ገንዳ ወደ እኛ የገባበት መንገድም ከፍል ውኃ ጋር የተያያዘ ነው። እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. ከእንጦጦ ወርደው የፍል ውኃውን መስክ ወድደው ቤት ባሠሩበት ስፍራ አዲስ አበባ ስትቈረቈር፣ የከተማዪቱ ሕዝብ መታጠቢያ ያ ፍል ውኃ ሆነ። ከብዙ ዘመን በኋላም በአዋሽ ዳር ሶደሬ፣ በአዲስ አበባም በ1960ዎቹ መጀመሪያ የተከፈተው የሒልተን ሆቴል ገንዳ፣ በላሊበላ መስቀል ቅርጽ ታንጾ ከዚያው ከከርሠ ምድር በሚመጣ ትኩስ ውኃ እየተሞላ፣ መዋኘትን ለመዝናኛ የሚወድ አዲስ ትውልድ አፈራ። በዚያው ዘመን የቤት ውሻም ማዕርጉ ተለውጦ ነበር፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሉሉ የተባለውን ትንሽ ውሻቸውን በአደባባይ ሲያስከትሉ ያየ የከተማ ሰው፣ ውሻ ከበረት ጠባቂነት አልፎ የአዳራሽ ባልንጀራ ሊሆን እንደሚችል ተገነዘበ። ገንዳውና የአዳራሽ ውሻው በአንድ ግቢ ለመገናኘት ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ አልፈጀባቸውም።

በአንድ ግቢ ውስጥ እንዲህ ባለ ገንዳ ዳር ቆሜ ያየሁትን ልግለጽ። ውሻው በራሱ ፈቃድ ዘልሎ ገባ፣ በደስታም ቀዘፈ፤ ሊወጣ በፈለገ ጊዜ ግን የገባበትን ወገን ያዘ። በዚያ ወገን ያለው ግድግዳ ቀጥ ያለና በለስላሳ ሸክላ የተለበጠ ነበርና፣ የፊት እግሮቹን ከጠርዙ ላይ ሰቅሎ በጥፍሩ ሲቧጥጥ መያዣ አጣ፤ ተንሸራትቶ ተመለሰ፣ ደግሞም ሰቀለ፣ ደግሞም ተመለሰ። ደረጃው በሌላው ጥግ ከእርሱ ጥቂት ክንድ ርቆ ሳለ አላሰበውም። ባለቤቲቱ፦ «ና በዚህ፣ ና እናቴ!» እያለች በደረጃው በኩል ወርዳ አንገቱን ይዛ ባታወጣው ኖሮ፣ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ጉልበቱ ይከዳው ነበር። የጉማራ ውሻ በየትም ቢወጣ ዳር ይቀበለዋል፤ የገንዳው ውሻ ግን አንዲት በር ብቻ ስላለችው በሯን አስቀድሞ መማር አለበት።

ስለዚህ ውሻን ማዋኘት የሚጀመረው ከመዋኘት ሳይሆን ከመውጣት ነው። ባለቤቱ ራሱ ከውሻው ጋር በደረጃው ይገባል፣ ሆዱን በእጁ ይደግፈዋል፣ ከየማዕዘኑ እያዞረ ወደ ደረጃው ይመልሰዋል፤ ይህንንም ውሻው ያለ ጥሪ ቀጥ ብሎ ወደ ደረጃው እስኪሄድ ድረስ በየቀኑ ይደጋግመዋል። ደረጃው በቀላሉ እንዲታየው ከዳሩ ላይ አንድ ትልቅ ማሰሮ ወይም ደማቅ ሰንደቅ የሚያቆሙ አሉ፤ መልካም ብልሃት ነው። መወርወር ግን ጭካኔ ነው፤ በፍርሃት ውኃ የዋጠ ውሻ ዳግመኛ ወደ ገንዳ አይቀርብም፤ ቢቀርብም ሲደነግጥ ይሰጥማል።

ውሻ ሁሉ ይዋኛል የሚለው አባባልም ልክ አይደለም። ከካናዳ የኒውፋውንድላንድ ደሴት የመጡት ታላላቅ ውሾች ሰው ከባሕር እየጎተቱ በማውጣት የተመሰገኑ ሲሆኑ፣ ፊተ ድፍጥና ደረተ ከባድ የሆነው ቡልዶግ ግን አፍንጫውን ከውኃ በላይ ለማድረግ መላ ሰውነቱ ቀጥ ብሎ መቆም ስላለበት ወዲያው ይሰጥማል፤ እግረ አጭሩ ዳክስሁንድም እንደዚያው ይቸገራል። ለእነዚህ፣ ለሽማግሌና ለቡችላ ውሾችም ጭምር፣ ተንሳፋፊ ሰደርያ ሳይለበስ ገንዳ መግባት አይገባም። እንጨት ወይም ኳስ እየወረወሩ ደጋግሞ ማስመጣትም በልክ ይሁን፤ አፉን ከፍቶ የሚዋኝ ውሻ ሳያውቀው ብዙ ውኃ ይውጣል፣ ብዙ የተዋጠ ውኃም የደሙን ጨው አሳጥቶ ሊገድለው ይችላል። ከዋና በኋላ የክሎሪኑ ቅሪት ጠጕሩንና ቆዳውን እንዳያሳክከው በንጹሕ ውኃ ይለቅለቅ፤ ጆሮው እርጥብ ሆኖ ካደረ ይቆስላልና በጨርቅ ይድረቅ። ገንዳውን በሸራ ሸፍኖ መተው ደግሞ ብዙዎች የሚታለሉበት ወጥመድ ነው፤ ሸራው የጠና መሬት መስሎት የረገጠው ውሻ ከሥሩ ገብቶ ሲጠመድ ጩኸቱ እንኳ አይሰማም። ከሸራ ይልቅ መዝጊያ ያለው አጥር ይሻላል፤ አጥሩም ለውሻው ብቻ ሳይሆን ለሕፃናቱም ነው።

ውሻን ከሰው ጋር በአንድ ውኃ ማስገባት ከተነሣ፣ የእብድ ውሻ በሽታን ነገር ሳይናገሩ ማለፍ ኃላፊነት መርሳት ነው። በነሐሴ 1895 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ይህ በሽታ ተነሥቶ ብዙ ሰው እንደታመመ በታሪክ ተመዝግቧል። ሉዊ ፓስተር ክትባቱን በሰው ላይ በተሳካ ሁኔታ የሞከረው በ1877 ዓ.ም. ስለነበረ መድኃኒቱ በዓለም ከተገኘ ዐሥራ ስምንት ዓመት አልፎታል፤ ለእኛ ሰው ግን ያን ጊዜ የሥር መድኃኒትና ጠበል እንጂ ሌላ አልነበረውም። በሽታው የያዘው ሰው ውኃ ሲያይ ጉሮሮው እየታነቀ መዋጥ ይሳነዋል፤ አንዴ ምልክቱ ከታየም ከሞት የሚመልሰው እምብዛም የለም። የኋላ ኋላ በአዲስ አበባ የፓስተር ተቋም ተመሥርቶ ክትባቱ በአገር ውስጥ መሠራት ጀመረ፤ ስለሆነም ዛሬ ውሻውን ሳያስከትብ ከልጆቹ ጋር የሚያዋኝ ሰው በ1895 የነበሩት ወገኖች የነበራቸውን ምክንያት ሊያቀርብ አይችልም።

በደብረ ታቦርና በባሕር ዳር ለባለጸጎች ቤት የሚያንጹ ግንበኞች ይህን ቢሰሙኝ አንድ ነገር እለምናቸዋለሁ። ገንዳው ገና ሲቈፈር፣ ሸክላው ሳይለበጥ፣ በጥልቀቱ በጐደለው ወገን ሰፊና ዝቅተኛ ደረጃ ከነሸካራ ንጣፉ ይሥሩ፤ ከተቻለም በተቃራኒው ወገን ሁለተኛ መውጫ ይጨምሩ። ደረጃው የውሻውን ጥፍር የሚይዝ፣ የመጀመሪያው እርከንም ውሻው ቆሞበት ደረቱ ከውኃ በላይ የሚሆንበት ይሁን። ገንዳው ካለቀ በኋላ ይህን መጨመር ግንብ ማፍረስ ነው፤ ገና ሲጀመር ግን የጥቂት ከረጢት ስሚንቶና የአንድ ቀን የእጅ ሥራ ነው።